ከዘፈኑ መጀመሪያ የተቆረጠው ድምፅ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ስልክ መያዝ በጀመሩበት ዘመን፣ ጨው እየጫነ ወደ ገበያ የሚመላለስ አንድ አህያ ነበር። አህያው ቦራ የሚባል ውርንጭላ ነበረው። ቦራ የተባለው ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው ነው። አባቱ ሲሄድ ከኋላ ከኋላው ይከተላል። አባቱ ሊያንጎራጉር ሲል ደግሞ ቀድሞ ያናፋል።

አንድ ቀን አህያው የራሱን ዘፈን በስልኩ ሊቀዳ ተዘጋጀ። ገና አፉን ሳይከፍት ቦራ ከጎኑ ሆኖ በቀጭን ድምፁ አናፋ። አህያው ሳቅ አለና መዝፈኑን ቀጠለ። ዘፈኑ ስለ መንገድ ነበር፤ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ጭነቱ፣ ከኋላ ስለምትሰማው ትንሽ ኮቴ።

በዚያው ክረምት ቦራ ታመመና ሞተ።

አህያው ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ አወጣው። ከሥሩም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ማንም ማዳመጥ ይችላል። አውርዶ መውሰድ የሚፈልግ ግን መጥቶ ይጠይቀኝ። ገንዘብ አልቀበልም።»

ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቁጭ ይላል። አህያውም «መጀመሪያ ላይ የምትሰማው ልጄ ነው፤ ቦራ ይባላል» ይለዋል። ስለ ልጁ ሁለት ሦስት ነገር ያጫውተዋል። ከዚያ ዘፈኑን ይልክለታል። ሚዳቋ መጣች። ጃርት መጣ። ኤሊም ሁለት ቀን ተጉዛ መጣች። ቦራን አይተውት የማያውቁ ሁሉ ስሙን ያዙ። አህያው ይህን ሲያይ ጭነት ተሸክሞም ቢሆን አንገቱን ቀና አድርጎ መሄድ ጀመረ።

በገበያው መሃል ቀበሮ ሙዚቃ ቤት ነበራት። ስልክ ውስጥ የሚገባ ሚሞሪ ካርድ ትሸጣለች። ሚሞሪ ለገዛት ሁሉ ዘፈን በነጻ ትሞላለታለች። ዘፈኖቹን ከኢንተርኔት ታወርዳለች እንጂ ማንንም አትጠይቅም። በእያንዳንዱ ዘፈን መጀመሪያ ላይ ደግሞ የራሷን ድምፅ ትለጥፋለች፦ «ቀበሮ ሙዚቃ ቤት፣ ሁሉም በነጻ።»

ዋነኛ ደንበኛዋ ጅብ ነበር። ጅብ ነጻ የተባለ ነገር አይቶ አያልፍም። ስልኩ ውስጥ ዘጠኝ ሺህ ዘፈን አለ፤ አንዱንም እስከ መጨረሻው ሰምቶት አያውቅም። ቦታ ሲያጥረው የእናቱን ፎቶ አጥፍቶ ሌላ ዘፈን አስጫነበት።

«አያ ጅቦ፣ ይህን እኮ ባለፈው ሳምንት ወስደኸዋል» ትለዋለች ቀበሮ።

«ነጻ አይደል እንዴ? ድገሚልኝ» ይላታል።

አንድ ጠዋት አህያው ጨው እንደጫነ በሙዚቃ ቤቱ በር ሲያልፍ የገዛ ዘፈኑን ከድምፅ ማጉያው ሰማ። ቆመ። ጆሮውን ቀጥ አደረገ። ቦራ ማናፋት የነበረበት ቦታ ላይ «ቀበሮ ሙዚቃ ቤት፣ ሁሉም በነጻ» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ በቀጥታ የእሱ ድምፅ ተከተለ።

«እመት ቀበሮ፣ ከመጀመሪያው የጎደለ ነገር አለ» አላት።

«ያቺን ጩኸት ነው የምትለው? ቆረጥኳት። ዘፈኑን ታበላሽብህ ነበር። እንዲያውም አሳምሬልሃለሁ፤ አመስግነኝ።»

«ልጄ ነው።»

ቀበሮ ትከሻዋን ሰበቀች። «እኔ ሜዳ ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት። እንዲህ የሚያንገበግብህ ከሆነ ለምን ኢንተርኔት ላይ አወጣኸው?»

«እንዲሰሙት ነዋ። እንዲቆርጡት አይደለም።»

«ሂድና ጨውህን አራግፍ አህዮ። ገበያው ዘፈንህን ወዶልሃል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

አህያው ጨዉን አላራገፈም። እንደተጫነ ወደ አንበሳ ችሎት ሄደ።

አንበሳ ችሎት የሚቀመጠው ወንዝ ዳር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። ቀበሮ ተጠርታ መጣች። ጅብንም ምስክር አድርጋ አመጣችው።

«ጌታዬ» አለች ቀበሮ፣ «ሌባ የሚባለው የሰው ዘፈን የሚሸጥ ነው። እኔ አንድም ዘፈን ሸጬ አላውቅም። አያ ጅቦ ይመስክርልኝ።»

«እውነቷን ነው» አለ ጅብ። «ዘፈኑ በነጻ ነው። የምንከፍለው ለሚሞሪው ብቻ ነው።»

«ሚሞሪውን ከሌላ ሱቅ ለምን አትገዛም?» አለው አንበሳ።

«እዚያ ዘፈን የለበትማ፣ ጌታዬ።»

እንስሳቱ ሳቁ። ቀበሮ የጅብን እግር ረገጠችው። ጅብ ግን የረገጠችው ጨምር ስትለው መሰለው።

«ደግሞም ጠንቃቃ ናት» አለ። «የውርንጭላውን ድምፅ ስትቆርጥ አጠገቧ ነበርኩ። ‹ይህ ከቀረ ዘፈኑ የማን እንደሆነ አይታወቅም› ብላ ነው የቆረጠችው።»

አሁን የሳቀ አልነበረም።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «አዳምጪ። ወፎች ‹ማንም ይውሰደው› ብለው ጽፈው የሚያወጡት ዘፈን አለ። እሱን ያወረደ አላጠፋም። አህያው ግን ‹ጠይቁኝ› ብሎ ነው የጻፈው። ዋጋ የለውም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። አንቺ ሳትጠይቂ ወሰድሽ፣ ቆረጥሽ፣ ስምሽን ለጠፍሽበት፤ በእሱም ሚሞሪ ሸጥሽበት። ሕጋችን ይህን ስርቆት ይለዋል።»

«እኔስ ጌታዬ?» አለ ጅብ ጅራቱን እየሸጎጠ። «እኔም ሌባ ነኝ?»

«የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ወስደሃል። ከዛሬ ጀምሮ ግን አላወቅሁም ማለት አትችልም። ሂድና ባለቤቱን ጠይቅ።»

ከዚያ አንበሳ አህያውን «ካሳህን ተናገር» አለው።

«ልጄን ወደ ቦታው ትመልስልኝ፤ ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ» አለ አህያው። «ድምፁ ሳይቆረጥ፣ ስሙ ሳይጠፋ እስከሆነ ድረስ ከእንግዲህ ማንም ያውርደው። ፈቅጃለሁ።»

አንበሳ አህያው እንዳለው ፈረደ። ቀበሮ የቀሩትን ዘፈኖችም ባለቤቶች እየዞረች እንድታስፈቅድ ታዘዘች። ያ ሳምንት ለእሷ ከባድ ነበር። አውራ ዶሮ ለምሳሌ በመስኮት ሆኖ ፈቀደላት እንጂ በሩን አልከፈተላትም።

በማግስቱ ጠዋት አህያው ደጃፉ ላይ ጅብ ቆሞ አየ። ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አትፍራ፣ ልበላህ አይደለም» አለ ጅብ። «ልጠይቅህ ነው። አንበሳ አዞኛል።»

«ለሁሉም ፈቅጃለሁ እኮ። እዚያው ከገበያ ማውረድ ትችላለህ።»

«ሌሎቹ ቁጭ ብለው ነበር አሉ። እኔም ልቀመጥ።»

አህያው ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ስለ ቦራ አጫወተው። ሰባት ወሩ እንደነበር ነገረው። ጭቃ ሲያይ ዘሎ እንደሚገባበት ነገረው፤ ዳገት ላይ ሲደክመው አባቱን ቀድሞ ሮጦ፣ እንዳልደከመው ሆኖ ቆሞ እንደሚጠብቀው ነገረው። ከዚያ ዘፈኑን ከፈተለት። ጅብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ጎበዝ ልጅ ነበር» አለ።

«ጎበዝ ነበር» አለ አህያው።

ጅብ ስልኩን አገላበጠ። «ለዘፈን ቦታ ብዬ የእናቴን ፎቶ አጥፍቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ ግን ከየትም አይወርድም።»

አህያው ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

ጅብ ሊሄድ ሲነሳ ዞር አለ። «ዘፈኑን አሥር ጊዜ ብትልክልኝስ?»

«አንዱ ይበቃሃል፣ አያ ጅቦ።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አህያው ጨዉን ጭኖ በሙዚቃ ቤቱ በር አለፈ። ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። መጀመሪያ የመጣው ቀጭን፣ ጥድፊያ ያለበት የውርንጭላ ማናፋት ነበር። የምትሸጠው መሸጧን፣ የሚገዛው መግዛቱን ተወ። ከሌላ አገር የመጣ አንድ ግመል «ይህ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ቀድሞ የመለሰው ጅብ ነበር፦ «ቦራ ነው። የእሱ ልጅ።»

ገበያው በሙሉ ወደ አህያው ዞረ። አህያው በከባዱ ጭነት ሥር አንገቱን ቀና አደረገና ዳገቱን ተያያዘው።

ከዚህ የምንማረው፣ ዘፈን በነጻ መገኘቱ ባለቤት የለውም ማለት እንዳልሆነ፣ ባለቤቱ ውሰዱ ያለውን በደስታ መውሰድ፣ ያላለውን ግን ደጁ ድረስ ሄዶ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።