ጳጉሜን የማያውቀው ሳጥን

ላቀው የፈለገው አንዲት ቁጥር ብቻ ነበር፤ አሥራ ሦስት። ልጁ ናሁሰናይ ጳጉሜ ሁለት ተወለደ፤ ልቡ ላይ ቀዳዳ ተገኘበት። ለጥቂት ቀናት ከውጭ የመጡት የልብ ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ለሚያደርጉላቸው ሕፃናት የያዙት ዝርዝር ዛሬ፣ ጳጉሜ አምስት፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው አይገባበትም። ነገ እንቁጣጣሽ ነው፣ ቢሮ ዝግ ነው። አሁን ደግሞ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

የልደት ምዝገባ ቢሮ መዝጋቢዋ ፀዳለ ኮምፒውተሩ ላይ «ወር» በሚለው ሳጥን አሥራ ሦስት ብላ ጻፈች። ሳጥኑ ቀላ። «አልቀበልም» አለ።

«ሥርዓቱ አዲስ ነው ወንድሜ፤ ጳጉሜን ገና ማየቱ ነው። ነሐሴ ሠላሳ ብዬ ላስገባው?»

«የሆስፒታሉ ካርድ ጳጉሜ ሁለት ነው የሚለው እኮ። ካልተመሳሰለ ይመልሱኛል።» አለ ላቀው።

ፀዳለ ሳጥኑን የሚያዘውን ‹ዓይነት›፣ ማለትም ሳጥኑ የትኛውን ቁጥር እንደሚቀበል የሚወስነውን ደንብ፣ ፈልጋ አገኘችው። ስሙ «የልደት ወር» ነው። እባክህ ሳጥኑን ክፈት አሉት፤ ሳጥኑ አሥራ ሦስትን አይቀበል፣ ናሁሰናይ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ ከ‹ወር› የወጣሁ ልጅ ነኝ። አጥሬ የአባቴ አጥር ነው። ከእሱ መጥበብ ይፈቀድልኛል፤ መስፋት ግን ክልክል ነው።» ደንቡ እንዲህ ነው፤ ልጅ ዓይነት አባቱ ያልተቀበለውን መቀበል አይችልም።

ወደ አባትየው ሄዱ። አባት ሆይ ስፋ፤ የልደት ወር ሳጥኑን አይከፍት፣ ሳጥኑ አሥራ ሦስትን አይቀበል፣ ናሁሰናይ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባ። «ወር» አለ፦ «የእኔ አባት ሙሉ ቁጥር ነው፤ እሱ ሚሊዮንም ቢሉት ግድ የለውም። እኔን ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያጠረኝ ኪሩቤል ነው። ያለ እሱ እጅ አልነቃነቅም።»

አሥር ሰዓት ሆነ። ፀዳለ ሥርዓቱን ለሠራው ለኪሩቤል ደወለች። ኪሩቤል፣ አጥሩን አንሳ፤ ወር አይሰፋ፣ የልደት ወር ሳጥኑን አይከፍት፣ ሳጥኑ አሥራ ሦስትን አይቀበል፣ ናሁሰናይ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባ።

«ከውጭ አገር ቅጽ ነው የቀዳሁት» አለ ኪሩቤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚያ ወሩ አሥራ ሁለት ነው፣ ዝም ብዬ አለፍኩት። ግን ያለ ኃላፊዋ ደብዳቤ አልነካም። ባለፈው ነክቼ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል።»

ላቀው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ፤ ፀዳለ ተከተለችው። ኃላፊዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከፈቃድ የተመለሱት በዚያው ቀን ነበር። እመቤቴ ይጻፉልን፤ ኪሩቤል አጥሩን አይነካ፣ ወር አይሰፋ፣ የልደት ወር ሳጥኑን አይከፍት፣ ሳጥኑ አሥራ ሦስትን አይቀበል፣ ናሁሰናይ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባ።

«ከበዓል በኋላ ኮሚቴ ያየዋል» አሉ።

«ከበዓል በኋላማ ልጄ…» አለ ላቀው።

«እንዲያውም መልሴን በደብዳቤ ይዘህ ሂድ» ብለው ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ። የደብዳቤውን ቀን ጻፉ፦ ቀን አምስት፣ ወር አሥራ ሦስት። ሳጥኑ ቀላ። እንደገና ጻፉ። እንደገና ቀላ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ?»

«ያው ‹ወር› ነው እትዬ» አለች ፀዳለ። «እርስዎንም አልቀበልም እያለ ነው።»

«እና ዛሬ የሚባል ቀን የለም?»

«ለሥርዓቱ የለም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ የቁልፍ ሰሌዳውን ገፋ አደረጉት። ከዚያ ብዕር አንስተው በነጭ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር በእጃቸው ጻፉና ፈረሙ፤ ፀዳለም ፎቶ አንስታ ለኪሩቤል ላከችው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሲፈርሙ ኪሩቤል አጥሩን ነካ፣ ኪሩቤል አጥሩን ሲነካ ወር ሰፋ፣ ወር ሲሰፋ የልደት ወር ሰፋ፣ የልደት ወር ሲሰፋ ሳጥኑ ተከፈተ፣ ሳጥኑ ሲከፈት አሥራ ሦስት ሰተት ብላ ገባች።

አታሚው ወረቀቱን ሲተፋ የላቀው ስልክ ጮኸ። ሚስቱ ብርዛፍ ናት፤ ከሆስፒታል።

«አገኘህ?»

«ይዤዋለሁ። ገና ትኩስ ነው።»

«ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው እኮ። ታዲያ ቆመህ ምን ታወራኛለህ?»

ሮጠ። ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነርሷ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ጻፈች፦ ናሁሰናይ ላቀው፣ ጳጉሜ ሁለት።