ለታላቅየው የተቀዳው ብርሌ

አንድ ጠጅ ጣይ ነበረ። ምናሴ፣ «እንግዶቼ ጥሩ ነው እያሉኝ ይሄዳሉ፣ ግን አይመለሱም፤ አስተናጋጆቼን ምን ላስተምራቸው?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የዚህን ሰው ነገር ልንገርህ። ያንተ የቢራ አዳራሽና የሱ ጠጅ ቤት ብዙም አይለያዩም።

ሰውዬው መጀመሪያ የነበረው አንዲት ጠባብ ክፍልና ጥቂት አግዳሚ ወንበር ነው። ጠጁን ራሱ ይጥላል፣ ራሱ ይቀዳል። እንግዳ ሲቀመጥ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ከማንቆርቆሪያው ጥቂት መዳፉ ላይ አፍስሶ በእንግዳው ፊት ይጠጣል። ብርሌውን የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ልማዱ መጠጡ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለበት ለማሳየት ነው። ግን ሌላም ጥቅም ነበረው፤ የኮመጠጠውንና የደፈረሰውን ከእንግዳው በፊት እሱ ያገኘዋል። አንዳንድ ቀን ፊቱን አጨፍግጎ «ይሄስ ለእናንተ አይሆንም» ይልና ደጅ ወስዶ ይደፋዋል። ጠጪዎቹም «ኧረ ለእኛም እዘንልን፣ መሬቱ ብቻ ይስከር እንዴ?» እያሉ ይሥቁበታል።

ቤቱ ታወቀ። ሰፊ አዳራሽ ሠራ፣ ቀጂዎች ቀጠረ፣ እሱም ኮት ለብሶ በር ላይ እየቆመ እንግዳ ይቀበል ጀመር። በመዳፍ መቅመስ የደሃ ቤት ነገር መሰለው። ቀጂዎቹ ልማዱን ሊቀጥሉ ሲሉም ከለከላቸው። «ዛሬ ቅመሱ ካልኳችሁ ነገ ስትጠጡ ልትውሉ ነው። ይልቅ ፍጠኑ!» አላቸው። እነሱም ፈጠኑ።

ከደንበኞቹ አንዱ ገበሬ ነበር። ይህ ገበሬ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በአባታቸው መሬት ተጣልተው ለብዙ ዓመት ተኳርፈው ኖረዋል። ሽማግሌዎች ለፍተው አስታረቋቸውና «በሉ እንግዲህ አብራችሁ ጠጡ» አሏቸው። ገበሬው ታላቁን ለማክበር ከሚያውቃቸው ቤቶች ሁሉ የተሻለውን መረጠና ይዞት ገባ።

«እናንተዬ፣ እነዚህ ሁለቱ ዛሬ በአንድ በር ገቡ? ዝናብ ሊዘንብ ነው!» አለ አንዱ ጠጪ።

«ዝም በል አንተ ለፍላፊ፣ ተነሥና ለጋሼ ቦታ ልቀቅ» አለው ገበሬው። ታላቅየውም ሣቀ። ወንድሙ ፊት ሲሥቅ ከስንት ዘመኑ ነው።

ቀጂው መጣ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረው ከጋኑ ግርጌ የተቀዳ፣ አምቡላ የሚሉት ዝቃጭ የበዛበት ነበር። ቀጂው ተቻኩሏልና ያንን ለታላቅየው ገለበጠለት። ከዚያ ሄዶ አዲስ ከተከፈተው ጋን ቀዳና ለታናሽየው ሞላለት። የታላቅየው ብርሌ እንደ ጎርፍ ውሃ ደፍርሷል፤ የታናሽየው ጥርት ያለ ነው። ገበሬው ፊቱን ወደ ጓደኞቹ አዙሮ የዕርቁን ነገር በደስታ ሲያወራ ነበርና አላየም። ታላቅየው ግን አየ። ጎንጨት አለና አስቀመጠው።

የጠጅ ቤቱ ባለቤት በዚያ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ «ጠጃችን እንዴት ነው?» አለው።

«ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ባለቤቱ ደስ ብሎት አለፈ። ብርሌው ሙሉ እንደሆነ ልብ አላለም። ጥቂት ቆይቶ ታላቅየው «ከብት የሚያስገባልኝ ሰው የለም» ብሎ ተነሣና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ገበሬው ሰው ቢልክበት አልመጣም፤ ቤቱ ድረስ ቢሄድም «የለም» አስባለ። ክረምት ሲገባ ታላቅየው ታመመ፣ ሞተም።

የሟቹ ሚስት ነገሩን ለገበሬው የተናገረችው ከቀብር በኋላ ነው። «እሱ ጥሩውን እየጠጣ ለእኔ አምቡላውን አስቀዳልኝ፤ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው የወሰደኝ ብሎ እንደተቀየመህ ሞተ» አለችው።

ገበሬው ተነሥቶ ወደ ጠጅ ቤቱ ሄደና ለባለቤቱ የሆነውን ሁሉ ነገረው። ባለቤቱ ደነገጠ።

«እኔ እኮ ራሴ ጠይቄዋለሁ! ጥሩ ነው ብሎኛል!»

«ታዲያ ተጋብዞ መጥቶ፣ ያ ሁሉ ዓይን እያየው ምን ይበልህ?» አለ ገበሬው። «በገዛ ቤትህ፣ የምታጠጣው አምቡላ ነው ይበልህ?»

ባለቤቱ እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ ለመነው። ገበሬው አነሣውና «እኔስ ይቅር ብያለሁ። ለሱ ማን ይንገርልኝ?» ብሎ ወጣ።

ጠጅ ጣዩ ከዚያ በኋላ ኮቱን አውልቆ ራሱ እየቀመሰ ይቀዳ ጀመር። ብዙ ሰው አመሰገነው። ምስጋናው ግን አላስደሰተውም።

ምናሴ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። አስተናጋጆችህን ፈገግታ አስተምራቸው አልልህም፤ ፈገግታማ እሱም ነበረው። ከበርሜሉ የሚወጣውን ቢራ አንተ ራስህ ከቀመስክ ምን ያህል ጊዜ ሆነህ? እንግዳ «ጥሩ ነው» ሲልህ እያከበረህ ነው እንጂ የቢራህን ነገር እየነገረህ አይደለም። ያንን የሚነግርህ ጠረጴዛው ላይ ትቶት የሄደው ብርጭቆ ነው፤ አንተ ደግሞ ቶሎ እንዲነሣ ታዛለህ። ማን ማንን ይዞ እንደመጣ አታውቅም። አንዱ ከተጣላው ጋር ሊታረቅ፣ ሌላው ልጁን ሊሸኝ መጥቶ ይሆናል፤ ያ ሰዓት በአንተ ቤት ቢበላሽ ይሉኝታ ይዞት ዝም ብሎ ይወጣል። አንተ ደንበኛ ጠፋብኝ ትላለህ፤ እነሱ አንተ ቤት ተቀምጠው ምን እንደጠፋባቸው ግን ጠይቀህ አታውቅም።