ጌጡ የፈራው ፍሬን

አንድ ሞተረኛ ነበር፤ ጌጡ ይባላል። ከደጋው መንደር ቁልቁል እስከ ቆላው ከተማ ሰው እያመላለሰ ይኖራል። ሞተር ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ትምህርቱም ከአንድ ከሰዓት በኋላ አላለፈም። "በቀኝ እጅህ ያለውን የፊት ፍሬን እንዳትነካ፤ አሽቀንጥሮ ነው የሚጥልህ" አለው። ጌጡ ይህን እንደ ሕግ ያዘ፤ ዓመታት ሙሉ በእግር ፍሬን ብቻ ነዳ። ሰው ሲጠይቀው ልምድ ነው ይላል እንጂ እፈራለሁ አይልም።

የሞተረኞቹ ማኅበር አንዲት አሰልጣኝ አመጣ፤ ወይዘሮ አልጋነሽ ይባላሉ። ሞተረኞቹን ባዶ ሜዳ ላይ ሰብስበው "ቀስ ብላችሁ ነድታችሁ በሁለቱም ፍሬን ቁሙ" አሉ። የጌጡ ተራ ሲደርስ ጣቶቹ ደረቁ። እንዳይታወቅበት ቀልድ አመጣ።

"እትዬ፣ እኛ ገደል ለገደል የኖርን ሰዎች ነን። ሜዳ ላይ መቆም ልንማር ነው?"

ሞተረኞቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "የፈራኸውን እዚህ ብትፈራው ይሻልሃል፤ እዚህ የጫንከው ሰው የለም" አሉት። ነገሩ ከነከነው፤ ሞተሩን አስነስቶ ጥሏቸው ሄደ።

በማግስቱ ሚስቱን ጥሩወርቅን ጭኖ ቁልቁለቱን ተያያዘው። የዚያ አገር ሞተረኛ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ሞተር ያጠፋል፤ እሱም አጠፋ። አስፋልቱን ካፊያ አርሶታል። ኩርባውን ሲጨርሱ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል።

ጌጡ የእግር ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። የኋላው ጎማ ተቆልፎ ይንሸራተት ጀመር፤ ሞተሩ ግን አልቆመም። ጥሩወርቅ ወገቡን ጥርቅም አድርጋ ይዛ "ያዘው፣ ጌጡ፣ ያዘው" ትላለች። የቀኝ እጁ ጣቶች የፊቱ ፍሬን ላይ ናቸው፤ መጨበጥ ብቻ ነው የቀረው። አልቻለም። ፊት ለፊቱ ከተገተረው መኪና ይልቅ ፍሬኑን ፈራ፤ ሄደውም ከመኪናው ጋር ተላተሙ።

ጥሩወርቅ አልሞተችም። እግሯ ግን ክፉኛ ተሰብሮ ነበርና ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ ሄዳ አታውቅም። ጌጡ ሐኪም ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ጩኸቷን ሲሰማ ነፍሱ ከሥጋው የምትለይ መሰለው።

ሰንብቶ፣ በተዋሰው ሞተር ወደ ሜዳው ተመለሰ። ወይዘሮ አልጋነሽ ምንም አልወቀሱትም። "መሪውን ቀጥ አድርግ፤ የእግሩን እየያዝክ የፊቱን ቀስ እያልክ ጨብጥ" አሉት። ላብ አጠመቀው። ዓይኑን ጨፍኖ ሊጨብጥ ሲል "ዓይንህን ግለጥ" አሉት። ገለጠ፤ ጨበጠ።

ሞተሩ ቆመ። አልገለበጠውም። ዝም ብሎ ቆመ።

"ይኸው ነው?" አለ ጌጡ።

"ይኸው ነው" አሉት።

ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ። ሚስቱን ሊያድናት ይችል የነበረውን ነገር ያን ሁሉ ዘመን ሲሸሸው ኖሯል።

ወዳጆቼ፣ መፍራት ነውር የለውም። የሚጎዳው ከሚያስተምረን ሰው ፊት ፍርሃትን መደበቅ ነው፤ የተደበቀ ፍርሃት የምንወደውን ሰው ጭነን በምንሄድበት መንገድ ላይ ይወጣልና። ሞተር የምትነዱ፣ ስልጠና አያስፈልገኝም ከማለታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ እጃችሁ የሚሸሸው ነገር ምንድን ነው? ለማንስ ነግራችኋል?