የትርንጎን ሽማግሌዎች ማን ይቀበል?

በአንድ ወቅት ነው፤ ያውም ሩቅ ባልሆነ። ቦርከና ወንዝ አጠገብ ባለች የፋብሪካ ከተማ ትርንጎ የምትባል የሽመና ማሽን ሠራተኛ ነበረች። እናትና አባቷ ሞተዋል። የቀሯት ታላቅ ወንድሟ አራጋውና የእናቷ እህት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን የክር ጥቅል ከላይ ተንሸራቶ ወገቧን መታት። ለሕመሙ ትራማዶል የሚባል እንክብል ታዘዘላት። ወገቧ እየተሻለው ሄደ፤ እንክብሉ ግን አልለቃት አለ። ሳትውጠው ስትቀር ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ሆዷ ይገለባበጣል። ስለዚህ ጨመረች። ሐኪሙ እምቢ ሲላት በድብቅ የሚሸጡትን ፈልጋ አገኘች። ሥራዋን አጣች። የቤቱም ዕቃ አንድ በአንድ እየወጣ ማለቅ ጀመረ።

የሰፈሩ ሰዎች አራጋውን ጠሩት። «ወይ እሰራት፣ ወይ ገጠር ዘመድ ጋ ስደዳት። ልጆቻችንን ታበላሽብናለች» አሉት።

አራጋው አናጢ ነው፤ ቁጡም ነው። «እህቴ ታማለች። የታመመ ሰው የሚሄደው ሐኪም ቤት ነው። ገመድ ያለው ለራሱ ልጅ ያስቀምጥ» ብሏቸው ወጣ።

የጀመረውን ሥራ ጥሎ፣ ደንበኞቹን አስቀይሞ፣ የሱስ ሕሙማንን አስተኝቶ የሚያክም ሆስፒታል ወዳለበት ትልቅ ከተማ ወሰዳት። ሐኪሞቹ እንክብሉን በአንድ ጊዜ አልነጠቋትም። ቀስ በቀስ እየቀነሱ፣ ስቃዩን በሌላ መድኃኒት እያስታገሡ ጠበቋት። አራጋው ከአልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፎ ሰነበተ። ትሰድበዋለች፤ እሱ ሾርባ በማንኪያ ያቀርብላታል። አንድ ረፋድ ላይ ሰውነቷ ተገታትሮ ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ ነርሶቹ ሮጠው ደርሰው አተረፏት። ሐኪሟ ላቧን እየጠረገች ወደ አራጋው ዞረች።

«ቤት አስረሃት ቢሆን ኖሮ የምትፈታው ሬሳ ነበር» አለችው።

ትርንጎ ፊቷ ወዝ አውጥቶ ወደ ከተማዋ ተመለሰች። የተመለሰችው ግን ወደዚያው ባዶ ቤት፣ ወደዚያው ሥራ ፈትነት ነው። ክረምቱ ሳይወጣ እንደገና ጀመረች። አራጋው ሲነግሩት መጋዙን አስቀምጦ አለቀሰ።

በዚህን ጊዜ አክስቷ ተነሡ። ልጅቷን ከነልብሷ ወደ ቤታቸው አመጧት። ባላቸው በር ላይ ቆመው «ሱሰኛ እኔ ጣሪያ ሥር አታድርም» አሉ።

«እንግዲያው በሩ ክፍት ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «እሷ ትገባለች። መውጣት ያማረህ አንተ ከሆንክ አልይዝህም።»

ሰውየው ወንድማቸው ቤት ጥቂት ሰንብተው፣ ማንም ሳይለምናቸው ተመለሱ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በየሳምንቱ ትርንጎን ይዘው ጤና ጣቢያ ወዳለችው የምክር ባለሙያ ይሄዱ ጀመር። ሆስፒታል መተኛት የለም። ቤቷ ታድራለች፣ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋለች፣ በቀጠሮዋ ትታከማለች። ለወገቧም እንቅስቃሴ አስተማሯት። አንድ ቀን ባለሙያዋ አክስትየዋን አብረው እንዲገቡ ጠየቀቻቸውና፣ እንክብሉ በጣም የሚያምራት መቼ እንደሆነ ትርንጎን ጠየቀቻት።

ትርንጎ መሬት መሬቱን እያየች፣ «እትዬ ለጎረቤት ‹እህቴ ሸክሟን ጥላብኝ ሞተች› ሲሉ የሰማሁ ቀን» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ነጠላውን አንሥቶ ይወጣ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፊታቸው ፍም መሰለ፤ ግን ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። በሚቀጥለውም ሳምንት መጥተው እዚያው ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት የሚነገረውም፣ የማይነገረውም ተለወጠ። ትርንጎ ሳቋ ተመለሰ። ዓመት አለፈ።

ከዚያ በኋላ ነው አንዲት የድሮ ባልደረባዋ በዓል ቀን አግኝታት «አንዷ ምን ታደርግሻለች?» ያለቻት። አንዷ ሁለት ሆነች፤ ሁለቷም ሌላ ጠራች። ትርንጎ የወንድሟንና የአክስቷን ፊት ማየት ስላቃታት፣ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደች።

ጋሽ ካሣዬ እዚያ ተራ አስከባሪ ናቸው። ድሮ ከባድ መኪና ይነዱ ነበር። አረቄ መኪናቸውንም ትዳራቸውንም ነጥቋቸው፣ ከተዉት ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ትርንጎን በጤና ጣቢያው ደጅ በዓይን ያውቋታል። መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ወዴት ነሽ?»

«የማያውቁኝ አገር።»

«የምትሸሺው ነገር እኮ ትኬት ሳይቆርጥ አብሮሽ ይሳፈራል። እኔ በነዳሁበት አገር ሁሉ ሞክሬዋለሁ።»

«ወድቄያለሁ፣ ጋሽ ካሣዬ።»

«አይቻለሁ። የምወስድሽም የወደቁ ሰዎች ጋ ነው።»

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ አድርሰው አስመረመሯት፤ ከዚያ ወደ ማኅበራቸው ወሰዷት። ማኅበሩ እሑድ እሑድ በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ይሰበሰባል። ጫት የተወ መምህር አለ፣ አረቄ የተወች ባልቴት አለች። ሐኪም የለም፣ ካርድ የለም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ያንቀጠቀጠው ሰው ይደውላል፤ የተደወለለት ያለበት ድረስ ይመጣል።

ወላጆች «ልጆቻችን በሚማሩበት ክፍል ሱሰኛ እንዴት ይሰበሰባል?» ብለው ክፍሉን አስቆለፉት። አባላቱ በጓሮ በኩል የሚገባበት ቤት እንፈልግ ሲሉ ጋሽ ካሣዬ እምቢ አሉ።

«ስንሰክር መንገድ ላይ ነበርን። ስንድን ለምን እንደበቃለን?»

አግዳሚ ተሸክመው ገበያው ፊት ለፊት ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ገበያተኛው ከቦ ሲያይ ትርንጎ ሻሿን ከፊቷ ገልጣ ተነሣች፤ ስሟን ተናገረች፣ የሆነችውን ሁሉ ተናገረች። ከዚያች እሑድ ወዲህ እንክብል አልዋጠችም።

ዓመታት አለፉ። ምናለ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ታሪኳን ከራሷ አፍ ሰምቶ ወደዳት፤ ሽማግሌም ላከ። በአገሩ ልማድ ሽማግሌ ደጅ ደርሶ ቆሞ ይጠብቃል። በአባት ወንበር የተቀመጠው ሰው «ተቀመጡ» ካላለው አይቀመጥም። ያ ሰው ልጅቷን ይሰጣል፤ ነገ ባልና ሚስት ቢጋጩም የሚዳኘው እሱ ነው።

ወንበሩ አንድ ነው። ይገባኛል ባዮቹ ግን ሦስት ናቸው።

«የአባቷ ልጅ እኔ ነኝ» አለ አራጋው። «በሕይወት ባላመጣት ኖሮ ዛሬ ሽማግሌ የሚመጣው ለማን ነበር?»

«አንተ ያመጣኸው ገላዋን ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «ሰው ሆና መኖር የተማረችው እኔ ቤት ነው። እሷ ብቻ አይደለችም የታከመችው፤ እኔም ታክሜያለሁ።»

ጋሽ ካሣዬ ቆባቸውን አውልቀው ቆመዋል። «ከሁለታችሁ ሸሽታ ስትሄድ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ዘመድነት በደም ብቻ ከሆነ ልውጣ።»

«ማኅበራችሁ ብቻውን ቢያድን፣ አምና ያለ ሐኪም አረቄውን ድንገት ያቆመው የማኅበራችሁ ሰው ባልሞተ» አላቸው አራጋው።

«እውነት ነው» አሉ ጋሽ ካሣዬ። «ከሆስፒታል በወጡ በሳምንቱ ወደ ሱሳቸው የተመለሱትንም ግን አንተ ታውቃለህ።»

ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ሁሉንም ይሰማሉ። በዕድሜ ታላቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስለ ልጅቷ የሰማነው ነገር አለ። የሚመልስልን ማነው?»

በልማዱ ሙሽሪት ጓዳ ትሆናለች። ትርንጎ ግን ወጥታ መሐል ቆመች።

«የሰማችሁት እውነት ነው፤ ያልሰማችሁትም አለ። አላፍርበትም። ሊገድለኝ የነበረው ማፈሩ ነው። የሚከብዳችሁ ከሆነ መንገዱ ያው። ምናለ ግን ከሐሳቡ አይመለስም።»

«አንመለስም፣ ልጄ» አሉ ታላቁ ሽማግሌ። «ግን ተቀመጡ የሚለን አንድ ሰው ነው። ማን ይበለን?»

ትርንጎ ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው። «እጅ የሰጡኝ እነሱ ናቸው። የተነሣሁት ግን በራሴ እግር ነው። በሦስቱም ቦታ እምቢ ማለት እችል ነበር። ወንበሩ ላይ እኔ ራሴ ብቀመጥስ?»

በዚያ አገር የራሷን ሽማግሌ የተቀበለች ሴት የለችም። አራጋው አንገቱን ደፋ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አፋቸውን ያዙ፤ ጋሽ ካሣዬ ፈገግ አሉ፤ ወንበሩን ግን ማንም አልለቀቀም። ሽማግሌዎቹም ፀሐይ ላይ እንደቆሙ ናቸው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ከሞት አፍ ለመለሳት ወንድም፣ ቤቷንም ራሷንም ለለወጠችላት አክስት፣ ስትሸሽ አጠገቧ ለተቀመጠው ባዕድ፣ ወይስ ለራሷ ለትርንጎ፦ ወንበሩ የሚገባው ለማን ነው?