ሁሉን ያየው ሐኪም

አንድ ጠንቃቃ የሰመመን ሐኪም ነበር፤ ስሙ ይታገሱ ይመስለኛል። ታሪኩን የሰማሁት ከሌላ ሰው ስለሆነ ያዛባሁት ነገር ቢኖር አይገርመኝም።

አንድ ቀን ከጣሪያ የወደቁ አናጺ ለቀዶ ሕክምና ገቡ። ጋሽ ጓንጉል ይባላሉ። የአንገታቸው አጥንት ተሰብሯል፤ እጅና እግራቸው ግን ገና ይንቀሳቀሳል። አንገታቸው ጥቂት ወደ ኋላ ቢታጠፍ ይህም ሊቀር ይችላል።

«ሚስቴ ድሮም አንገተ ደንዳና ትለኛለች» አሉ ሰመመኑን ከመውሰዳቸው በፊት። «ዛሬ ቃሏ ደረሰ። እንዳታቃኑኝ አደራ!»

ሰመመኑ ሲይዛቸው እንደሚጠበቀው ትንፋሻቸው ቆመ። አሁን ቱቦ ወደ አየር ቧንቧቸው መግባት አለበት። በድሮው ዘዴ ራስን ወደ ኋላ አድርጎ ጉሮሮን ማየት የተለመደ ነበር። ይታገሱ ግን ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው መሣሪያ ይዟል፤ አንገት ሳይታጠፍ ውስጡን በስክሪን ያሳያል። ያስተማሩት ዶክተር ምንትዋብ የበሽተኛውን ጭንቅላት እንዳይነቃነቅ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

የአየር ቧንቧው በር ስክሪኑን ሞላው። ይታገሱ ደስ ብሎት ቱቦውን ሰደደ። ገጨ። ደግሞ ሰደደ፤ አሁንም የበሩን ጠርዝ ገጨ። የኦክስጅን መለኪያው ድምፅ እየወፈረ መጣ፤ በደማቸው ያለው ኦክስጅን እየቀነሰ ነው።

«በሩ ይኸው ፊቴ ነው! ለምን አይገባም?» አለ ላብ እያጠመቀው። «አንገታቸውን ትንሽ ብቻ ቀና ቢያደርጉልኝ...»

«አይሞከርም!» አሉ ዶክተር ምንትዋብ። «ምን ያህሉ ይታይሃል?»

«ሁሉም!»

«እንግዲያው አብዝተኸዋል። መሣሪያውን ሳብ አድርገው፤ ግማሹ ይበቃሃል።»

ይታገሱ ዕድሜውን ሙሉ ሁሉን ሳያይ እጁን ሰዶ አያውቅም። እየፈራ ሳበው። ምስሉ አነሰ፤ ለቱቦው ግን ማለፊያ ቦታ ተገኘ። ቱቦው ሰተት ብሎ ገባ።

ጋሽ ጓንጉል ሲነቁ የእግራቸውን ጣቶች አወዛወዙ። ድምፃቸው ሲመለስ የመጀመሪያ ቃላቸው «ለሚስቴ ንገሯት፤ ሳልቃና ወጣሁ» የሚል ነበር።

ማየትና መድረስ አንድ አይደሉም። አብልጠን ለማየት ስንጠጋ፣ እጃችን የሚሠራበትን ቦታ እኛው እንዘጋዋለን። እናንተስ፣ ሁሉን ካላየሁ ብላችሁ ቆማችሁ የቀራችሁበት በር የቱ ነው?

ስሞቹን ማረጋገጥ አልቻልኩም። አንዱን ነገር ግን ኋላ ላይ አጣርቻለሁ፦ በእንዲህ ያለው መሣሪያ እይታውን ሆን ብሎ መቀነስ ቱቦውን ለማስገባት በእርግጥ ይረዳል።