በመንኮራኩሯ ውስጥ የጠፉት ሦስት ዋልያዎች

አንድ ጊዜ ምድር ደርቃ ሣርም ምንጭም በጠፋበት ዘመን፣ ዘራቸው ሊጠፋ የደረሰ እንስሳት በትልቅ መንኮራኩር ተሳፍረው ለምለም ናት ወደተባለች ሩቅ ኮከብ ጉዞ ጀመሩ። ከሁሉ ይልቅ የተሰጋው ለዋልያዎች ነበር፤ በዓለም ላይ የቀሩት አሥራ ሁለት ብቻ ናቸውና። ሥጋ በሎቹ ሁሉ እስኪደርሱ ድረስ ቋንጣ ብቻ ሊበሉ ማሉ። አያ አንበሶ የዋልያዎቹ ጠባቂ ሆኑ፤ በሩ የሚከፈተው በእሳቸው መዳፍ ብቻ ነበር። እመት ቀበሮ ጸሐፊያቸው ሆነች። እመት አህያ ግን፣ ሰማይም ወጥታ ያው ውሃ ተሸካሚ ሆነች።

አንድ ቀን በሩ ተከፍቶላት ውሃ ይዛ ብትገባ ዋልያዎቹ ዘጠኝ ሆነዋል። ጮኸች። ሁሉም ተሰበሰበ። ቀበሮ ፈለግሁ ብላ ከጅብ መኝታ ሥር የአጥንት ክምር ጎትታ አወጣች።

«አያ ጅቦ፣ በልተሃቸዋል?» አለ አንበሳ።

ጅብ ራሱን አከከ። «አጥንቱ ካለ… በልቼ ይሆናል። ግን የጠገብኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።»

«ይኸው አመነ!» አለች ቀበሮ።

አህያ አላስቻላትም። «በሩ የሚከፈተው በአያ አንበሶ መዳፍ ነው። ጅብ በምን ገባ?»

«ጌታዬ ሲወጡ ሾልኮ ነዋ! ይልቅ አንቺ ባልዲሽን ያዢ!» አለች ቀበሮ።

ሁሉም ሳቀባት። ጅብ በማግስቱ ወደ ባዶው ጠፈር እንዲወረወር ተፈረደ።

አህያ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እናቷን የበላት ጅብ ነው። እሷ ግን የበሩ ነገር ከሐሳቧ አልወጣም። የዚያኑ ቀን ቀበሮ ጠርታት፣ «አንድ ባልዲ ውሃ ከዕቃ መጋዘኑ በር አኑሪ፤ ለአያ አንበሶ መታጠቢያ ነው» አለቻት። አኖረች። ባዶውን ባልዲ ልትወስድ ስትመለስ ጠርዙ ላይ ቡናማ ጠጉር ተጣብቆ አገኘች። አሸተተችው፤ የዋልያ ነው። የመጋዘኑን በር ብትገፋው ተቆልፏል፤ ሁሉም በተሰበሰበበት ልትሰብረው ወሰነች።

በማግስቱ ጅብ ታስሮ ከውጪው በር ፊት ቆመ። በሩ ሊከፈት ሲል አህያ፣ «ቁሙ!» ብላ አናፋችና ወደ መጋዘኑ ሮጠች። እንስሳቱ «ምን ነካት?» እያሉ ተከተሏት። ጀርባዋን አዙራ በሩን በኋላ እግሮቿ አንዴ መታችው፤ ተጣመመ። ሁለተኛ ስትደግመው ተገነጠለ። ሦስቱ ዋልያዎች አፋቸውን ታስረው ከውስጥ ቆመዋል፤ አጠገባቸው ሥጋቸው የሚቀርብበት ሰፊ ባዶ ትሪ ተዘጋጅቷል።

ቀበሮ ጅራቷን ቆልፋ፣ «እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለች።

«ከምድር የመጣ አሮጌ አጥንትስ ከምስኪኑ መኝታ ሥር የከተትሽው ታዘሽ ነው?» አለች አህያ።

አንበሳ አገሳ። «አዎ፣ እኔ ነኝ! ቋንጣ ሰለቸኝ! እኔ ባልጠብቃቸው አሥራ ሁለቱም አልቀው ነበር። ሦስቱን ብወስድ የድካሜ ዋጋ ነው!»

አህያ ከአንበሳ ፊት ቆመች። «የድካምዎ? ውሃቸውን የተሸከመው የማን ጀርባ ነው? በዓለም ላይ አሥራ ሁለት የቀሩ ፍጥረቶች አደራ ተሰጥተውዎ፣ እርስዎ ሆድዎን ያስባሉ? ይባስ ብለው ያልበላውን ሊገድሉ! እናቴን የበላት ጅብ ነው፤ ቢሆንም ባልበላው አይሞትም!»

ያን ጊዜ ትናንት የሳቁት ሁሉ አፈሩ። ዝሆኖች ወደፊት ገፉ፤ ጎሾች ቀንዳቸውን ዝቅ አደረጉ። አንበሳ ቢያገሳ ማንም አላፈገፈገም። እሱንና ቀበሮን መጋዘኑ ውስጥ አስገብተው፣ በሩን ጠግነው፣ እስኪደርሱ የሚበቃቸውን ቋንጣ ሰጥተው ዘጉባቸው። የዋልያዎቹንም በር መቆለፊያ ነቅለው፣ በዋልያዎቹ ቀንድ ከውስጥ ብቻ እንዲከፈት አድርገው ሠሩት።

ጅብ ከእስሩ ሲፈታ ወደ አህያ ጠጋ አለ። «እመት አህያ፣ አልበላኋቸውም ማለት ነው?»

«አልበላሃቸውም።»

«እኔም እኮ፣ በልቼ እንዴት ራበኝ እያልኩ ሳስብ ነበር!»

አህያ አልሳቀችም። ባልዲዋን አንስታ ለአሥራ ሁለት ዋልያ የሚበቃ ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው አደራ ሲጠፋ ስሙ በክፉ የተነሳውን ከመኮነናችን በፊት ቁልፉን የያዘውን መጠየቅ እንዳለብን ነው።