የጋሽ አዳሙ ጄትና ግልጽነት የወደዱት ሥራ አስኪያጅ

ቆዩኝማ፣ ሳቄ ይውጣልኝ። ይቺን ነገር ልጀምራት ባልኩ ቁጥር መጨረሻዋ ቀድሞ ትዝ እያለኝ ሆዴን ይዤ እቀራለሁ። ወሬው ያለው መጨረሻዋ ላይ ነው፤ የፊተኛው ለሱ መንገድ መጥረጊያ ስለሆነ ታገሱኝ።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ወዳለ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ፣ የስሙን ነገር ተዉትና፣ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ። አቶ ልዑልሰገድ ይባላሉ። ሰውዬው ስለ ጨርቅ የሚያውቁት የለበሱትን ያህል ነው፤ እሱንም ቢሆን ሚስታቸው ናቸው የመረጡላቸው። ስለ ስብሰባ ግን እሳቸውን የሚያህል የለም። ሲመጡ አንድ ቃል ይዘው መጡ፤ ግልጽነት የምትባል። «ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ተዘግቶ የሚሠራ ሥራ የለም» አሉ፣ አንድ ሙሉ ቀን በፈጀ ስብሰባ።

ሰው እንደ ሌላው ንግግር መስሎት አጨበጨበ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። መጀመሪያ የመጋዘኑ በር ተነቀለ፤ በሳምንቱ የሰፈር ድመት ገብታ የክር ጥቅል ላይ አራት ወለደች። ቀጥሎ የአስተያየት መስጫው ሳጥን ክዳን ተነሳ። የመጀመሪያው አስተያየት «እባካችሁ ክዳኑን መልሱልን» የሚል ሆነ፤ ማን እንደጻፈውም ፋብሪካው በሙሉ አየ። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ጋ ሲደርሱ ከማቅለሚያ ክፍል ዘሃራ የምትባል ሴት የቧንቧ መፍቻ ይዛ በሩ ላይ ቆመች፣ ግልጽነትም እዚያች ቦታ ላይ ትንሽ አረፍ አለ። የሥራ አስኪያጁ የራሳቸው ቢሮ በርስ? እሱማ ሁለተኛ ቁልፍ ተጨመረለት። ስለ ግልጽነት ውስጥ ለውስጥ የሚመከረው እዚያ ነዋ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ማቅለሚያ ክፍል ደረሱ። ማቅለሚያ ክፍል ማለት ጋሽ አዳሙ ማለት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከአንዲት ማሽን ጋር ኖሯል፤ ከሚስቱ ጋር እንኳ የኖረው ሃያ አራት ነው። ማሽኗን «ጄት» ይሏታል፣ ግን አትበርም። እንደ ነዳጅ ቦቴ የተድቦለቦለች ብረት ናት፣ ፊቷ ላይ ክብ ክዳን ያላት። ጨርቁ በዚያ ይገባና ጫፍና ጫፉ ተሰፍቶ እንደ ገመድ ይሆናል፤ ክዳኗ ጥርቅም ብሎ ሲዘጋ ቀለሙ ያለበት ውሃ እየገፋው ሲዞር ሲዞር ይቆያል።

ጥጥ ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ጥጥ የዋህ ነው፤ ሞቅ ያለ ውሃና ቀለም ካገኘ ጠጥቶ ዝም ይላል። ፖሊስተር የተባለው ግን የፕላስቲክ ዘመድ ነው፣ በልመና አይሆንለትም። መቶ ሠላሳ ዲግሪ ካልደረሰ ቀለሙን ወደ ውስጥ አያስገባም፤ ከላይ ከላይ ተቀብቶ ያታልላችሁና በመጀመሪያው እጥበት የሳፋውን ውሃ ያጠቁረዋል። ውሃ ደግሞ መቶ ሠላሳ የሚደርሰው ታፍኖ ነው። ያ የታፈነ ውሃ ሳይበርድ ክዳኑ ቢነሳበት ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ቆዳው ላዩ ላይ አይተርፍም። ድሮ ጄቷ ሳትበርድ እንዳትከፈት ራሷን የሚቆልፍ መሣሪያ ነበራት፤ ከተበላሸ ሦስት ዓመቱ ነው። ግዢ ክፍል ሲጠየቅ «ጥናት ላይ ነው» ይላል። እስከዚያው የጄቷ ቁልፍ ጋሽ አዳሙ ራሱ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ጄቷ ውስጥ የገባው ጥቁር ፖሊስተር ነበር፤ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ጋውን የሚሰፋበት። ከዩኒቨርሲቲው አንድ ዶክተር ጨርቁን ሊያዩ መጡ። አቶ ልዑልሰገድ «ከቀለሙ ውስጥ ብቅ ሲል በዓይንዎ ያዩታል፣ እኛ ጋ የሚደበቅ ነገር የለም» ብለው ቃል ገብተውላቸዋል። መቼ እንደሚወጣ ግን ማንንም አልጠየቁም፤ መጠየቅ አይወዱም። እንግዳቸውን አስከትለው ጄቷ ፊት ቀጥ አሉ።

«አዳሙ፣ ክፈተው።»

«እንደምን አደሩ ጌታዬ» አለ ጋሽ አዳሙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አሁን መቶ ሠላሳ ላይ ናት። ቀዝቅዛ ግፊቱ እስኪወጣላት አንድ ሰዓት ተኩል ትፈልጋለች።»

አቶ ልዑልሰገድ ወደ ዶክተሩ ዞረው ፈገግ አሉ። «መቶ ሠላሳ ይላል ይሰማሉ? ውሃ መቶ ላይ ይፈላል፣ አለቀ። ሰባተኛ ክፍል ተምረነዋል።»

«ሰባተኛ ክፍል ያፈላችሁት ውሃ ክዳን አልነበረውም ይሆናል ጌታዬ።»

ዘሃራ ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ዶክተሩ ይፍረዱ በሚል ሁሉም ዓይን ወደሳቸው ሲዞር «እኔ የታሪክ ሰው ነኝ» አሉና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

አቶ ልዑልሰገድ ከጆሯቸው ጀምሮ ቀሉ። «ጉዳዩ የውሃ አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመት ዘግተህ ስትሠራ ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀህ የለም። የተዘጋ አሠራር ማለት ይሄ ነው።»

«ስድስት መቶ ሜትር ጥቁር ጨርቅ ነው ያለው።»

«አይቼዋለሁ?»

«አላዩትም።»

«ታዲያ በምን አውቃለሁ?»

«ሙቀት መለኪያዋ ይቻትና። ቀለም የገባበት ሰዓትም እዚህ ካርድ ላይ ተጽፏል።»

«እሱ ወረቀት ነው። እኔ የምፈልገው ጨርቁን ነው። ለመሆኑ ምን ብትደብቅ ነው እንዲህ የምትጨነቀው?»

«ሞትን ነው ጌታዬ» አለ ጋሽ አዳሙ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

ይቺንም ቢሆን ሰውዬው አልሰሟትም። ከደረት ኪሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የስንብት ደብዳቤ ነው፤ «የበላይ ትእዛዝ ባለመቀበል» ይላል፣ ማኅተሙ አርፎበታል፣ የቀረው ቀኑ ብቻ። ለማንኛውም ብለው በእያንዳንዱ ክፍል ስም አንድ አንድ አስጽፈው ነበር የሚዞሩት። ደብዳቤውን መዳፋቸው ላይ ዘረጉና እስክሪብቶ ያዙ።

«ወይ ይሄ ክዳን ይከፈታል፣ ወይ አንተ ዛሬውኑ በዚያ በር ትወጣለህ።»

በሩ እንኳ አልነበረም፤ እሱም እንደ መጋዘኑ ተነቅሏል።

ጋሽ አዳሙ ደብዳቤውን አየው። ጡረታው ሦስት ዓመት ነው የቀረው፤ በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል? እምቢ ብሎ ቢወጣስ ነገሩ ያልቃል? አያልቅም። እሱ እግሩ እንደወጣ ሰውዬው ዘሃራን «ነይ አንቺ ክፈቺ» ይሏታል። እሷ ብታስቸግር ሌላ ያዛሉ፣ የታዘዘው ፈርቶ ይከፍታል። ሙቀት መለኪያዋን አያት፣ መቶ ሠላሳ ላይ ነቅነቅ የለም። የዶክተሩን ነጭ ሸሚዝ አየ። መጨረሻ ላይ የአለቃውን ፊት አየ፤ ክዳኑ ፊት ለፊት፣ አፍንጫቸውን አስጠግተው ነው የቆሙት።

«ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ነኛ። እዚህ ቤት ሌላ ኃላፊ አለ እንዴ?»

«እሺ» አለ ጋሽ አዳሙ። «እከፍታለሁ።»

ዘሃራ ክንዱን ያዘችው። «ጋሼ፣ ምን ነካህ?» አለችው።

ጋሽ አዳሙ ግን ወደ ክዳኑ አልሄደም። ከጥግ ያለው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ትናንት ተቀልሞ ያለቀ ጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እሱን ዘረጋና በሜትር ለካ፣ ረጋ ብሎ፣ የሰርግ ልብስ የሚለካ ይመስል። ትልቁን መቀስ አነሳና ሸርርር አድርጎ ቆረጠው። በሥርዓቱ አጠፈና ለዘሃራ አስታቀፋት። «ይቺን ለየሺመቤት ታደርሺልኛለሽ» አላት። የሺመቤት ሚስቱ ናት። ተመልሶ ጥቅሉን እንደገና ተረተረና መቀሱን ከፍቶ በአየር ላይ ያዘው።

አቶ ልዑልሰገድ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ምን እየሠራህ ነው አንተ ሰው? ክፈት ነው እንጂ ቁረጥ ማን አለህ?»

አሁን ጋሽ አዳሙ የመለሰውን ልነግራችሁ ነው። ከሱ በኋላ ሌላ ወሬ እንዲከተለው ስለማልፈልግ ግን የቀረውን አስቀድሜ ልገላገለው። ዶክተሩ መልሱን እንደሰሙ «ውጭ እጠብቃለሁ» ብለው፣ የታሪክ ሰው ይሮጣል ብሎ ማንም ባልገመተው ፍጥነት ጠፉ። አቶ ልዑልሰገድ መጀመሪያ ክዳኑን አዩት፣ ቀጥሎ መቀሱን፣ ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱና ደብዳቤውን በገዛ እጃቸው አራት ቦታ ቀደዱት። ጄቷ አንድ ሰዓት ተኩሏን ጨርሳ፣ በርዳ፣ በሰላም ተከፈተች። ጨርቁ እንደ ቁራ ጠቁሮ ወጣ፣ ልጆቹም ተመረቁበት። ጋሽ አዳሙም ሦስት ዓመቱን እዚያችው ጄት ጋ ቆሞ ጨረሰ። ከዚያ ወዲያ ሳትበርድ ክፈት ያለው ሰው አልነበረም።

መቀሱን እንደያዘ፣ ፊቱ ላይ ሳቅም ቁጣም ሳይታይበት፣ ያለው እንግዲህ ይሄ ነው፤

«ልከፍት እኮ ነው ጌታዬ። ክዳኑ ከተነሳ በኋላ ግን እኔም እርስዎም መቀስ የምንይዝበት እጅ አይኖረንም፤ ሚስቶቻችን ደግሞ በሐዘናቸው ላይ ጥቁር ፍለጋ ገበያ ለገበያ እንዳይንከራተቱ ብዬ ነው። የኔዋ ቀጭን ናት፣ አራት ሜትር በቅቷታል። ለእርስዎ ባለቤት ስንት ሜትር ልቁረጥላቸው?»